ተለቅሞ የወጣው እህል የት ይደርሳል? የሻጋታ መርዞችና የምግብ እህላችን ደኅንነት

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ሻጋታ በምግብ እህል ላይ የሚያመነጫቸው መርዞች ናቸው፤ በሳይንሱ አጠራር ማይኮቶክሲን ይባላሉ። በዚህ አዳራሽ የግብርና፣ የምግብ ሳይንስ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የጤናና የምጣኔ ሀብት ሰዎች ተሰብስበናል። ጉዳዩም ከእነዚህ ሙያዎች የአንዱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ለአንዱ የታወቀው ለሌላው እንግዳ እንዳይሆን ከመሠረቱ ልጀምር።

ገለጻዬን በአራት ጥያቄዎች ዙሪያ አዋቅሬዋለሁ። እነዚህ መርዞች ምንድን ናቸው? ሰውን የሚጎዱት እንዴት ነው? መኖራቸውንስ በምን እናውቃለን? ልንከላከላቸው የምንችለው በምንድን ነው? ከአራቱ በስተኋላ ግን አምስተኛ ጥያቄ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝም እርሱ ነው። መጥፎ ነው ብለን ለቅመን ያወጣነው እህል በመጨረሻ የት ይደርሳል? ማንስ ይበላዋል?

ሻጋታውና መርዙ

ሻጋታን ሁላችንም እናውቀዋለን። በከረመ እንጀራ ላይ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚታየው ነው። ዘሩ በአየር፣ በአፈርና በሰብል ቅሪት ውስጥ ስለሚኖር ከእርሻም ከጎተራም ፈጽሞ ልናጠፋው አንችልም። ሁሉም ሻጋታ መርዛም አይደለም። መርዛም የሆኑትም ቢሆኑ ሁልጊዜ መርዝ አያመነጩም፤ የሚያመነጩት ሙቀቱና እርጥበቱ ሲመቻቸው፣ ሰብሉም ሲዳከምላቸው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሻጋታ የታየበት እህል ሁሉ ተመርዟል ማለት አይቻልም። ሁለተኛውና አደገኛው ደግሞ ሻጋታ ያልታየበት እህል ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አለመቻሉ ነው። ሻጋታው ሊሞት፣ ሊራገፍ ወይም ከፍሬው ውስጥ ተሰውሮ ሊኖር ይችላል፤ መርዙ ግን ከፍሬው ጋር ይቀራል። የቤት እመቤት በዓይኗ፣ በአፍንጫዋም ሆነ በምላሷ ልትለየው አትችልም።

የሻጋታ መርዝ ያደረሰው ጉዳት ስም ከማግኘቱ በፊት የታወቀ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ራይ የተባለውን እህል የሚመገቡ ገበሬዎች እጅና እግራቸው እየተቃጠለና እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ምክንያቱ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ ከዛላው ላይ የፍሬውን ቦታ ይወስድና ጠቆር ያለ፣ ቀንድ የሚመስል አካል ያበቅላል። በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮችን ያጠብባሉ፤ ደም ያልደረሰው የሰውነት ክፍልም ይሞታል።

ይህን የሩቅ አገር ታሪክ አድርጎ የሚያይ ካለ ወደ አገራችን ይመለስ። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ ይኸው በሽታ ተቀስቅሶ ነበር። ከገብሱ ጋር ተቀላቅሎ የበቀለው ሲናር ኤርጎት ይዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001ም በአርሲ ከተበከለ ገብስ ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ደርሷል። ሁለቱም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ሲናርን ከገብስ መለየት ለገበሬው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ነገር ግን ምርት በሚያንስበት ዓመት ማንም ከእህሉ ላይ ብዙ አውጥቶ ለመጣል እጁ አይፈታለትም።

ኤርጎት ቢያንስ በዓይን ይታያል። ዛሬ በብዛት የምንነጋገርበት አፍላቶክሲን ግን አይታይም። የዚህ መርዝ ጥናት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር ተርኪ ከተባሉት ትልልቅ የእርባታ ወፎች ከ100,000 በላይ የሚሆኑት በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምክንያቱ ስላልታወቀ «የተርኪ ኤክስ በሽታ» ተባለ። ምርመራው በመኖው ውስጥ ወደ ተቀላቀለ፣ ከብራዚል ወደ መጣ የለውዝ ፋጉሎ መራ። በፋጉሎው ላይ የተገኘው ሻጋታ አስፐርጊለስ ፍላቨስ ነበር፤ መርዙም ከሻጋታው ስም ተቆርጦ አፍላቶክሲን ተባለ። እንግዲህ ይህ እውቀት የመጣው ከሰው ማዕድ ሳይሆን ከወፎች መኖ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ወደ መኖ እመለስበታለሁ።

የትኛው መርዝ በየትኛው እህል ላይ?

የሻጋታ መርዞች በመቶዎች ቢቆጠሩም ለምግብ ደኅንነት ዋና የሆኑት ጥቂት ናቸው። አፍላቶክሲን በቆሎን፣ ለውዝን፣ ማሽላን፣ በርበሬንና የቅባት እህልን ይወድዳል። ፉሞኒሲን በአብዛኛው የበቆሎ ነው። ዲኦክሲኒቫሌኖል የተባለው አበባ በሚያወጡበት ወቅት ዝናብ የበዛባቸውን ስንዴና ገብስ ያጠቃል። እነዚህ ሁለቱ ፉዛሪየም ከሚባሉት ፈንገሶች ይመነጫሉ። ኦክራቶክሲን ደግሞ በተለይ እርጥበት ይዞ በተከማቸ ገብስ፣ ስንዴና ቡና ላይ ይታያል፤ የሚፈራውም በኩላሊት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው።

በተለምዶ ችግሩን የጎተራ ችግር አድርገን እናየዋለን። ይህ የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። አፍላቶክሲን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እርሻው ላይ ነው። ድርቅና ሙቀት ሲበረታ በቆሎውም ሆነ ለውዙ ራሱን የሚከላከልበት አቅም ይደክማል፤ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ ተባይ ይቦረቡረዋል፤ ሻጋታውም በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ በኋላ እህሉ በቂ ሳይደርቅ ወደ ጎተራ ወይም ወደ ጉድጓድ ሲገባ የተጀመረው ይስፋፋል። ስለዚህ የመርዙ መጠን እንደ ዓመቱ ዝናብ ከዓመት ዓመት በእጅጉ ይለያያል። የአንድ ዓመት ናሙና መርምሮ «ይህ ወረዳ ንጹሕ ነው» ብሎ መደምደም የማይገባውም ለዚህ ነው።

ስለ አገራችን ዋና ዋና እህሎች እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ከገብስ፣ ከማሽላ፣ ከጤፍና ከስንዴ የተሰበሰቡ 352 ናሙናዎች ተመርምረው ነበር። አፍላቶክሲን ቢ1 በ8.8 በመቶው ተገኝቷል፤ ከፍተኛው መጠን በኪሎ ግራም 26 ማይክሮግራም ነበር። ይህ ውጤት የሚያስደነግጥም፣ ዘና የሚያደርግም አይደለም። በአራቱም እህል ዓይነቶች መርዙ መገኘቱ ግን ጤፍ ከዚህ ጉዳይ ነጻ ነው የሚለውን ግምት ያፈርሰዋል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው ፈጣኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ፣ በተለይ በማኩዌኒና በኪቱዪ፣ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። ሕመሙ ዓይንና ቆዳ የሚያስቢጭ፣ ሆድ የሚነፋ የጉበት ውድቀት ነበር። ምንጩ ራሳቸው ያመረቱት፣ እርጥበት እንደያዘ በየቤታቸው ያከማቹት በቆሎ ነበር። በአካባቢው ከሚገኙ ገበያዎች ከተሰበሰቡት 350 የበቆሎ ናሙናዎች መካከል 55 በመቶው በጊዜው በአገሪቱ ከተፈቀደው 20 ማይክሮግራም በኪሎ ያለፉ ሲሆኑ፣ 7 በመቶው ከ1,000 በላይ ነበሩ። ኬንያ ጎረቤታችን ናት፤ የአየር ንብረቷና የአከመቻቸት ልማዷም ከብዙ የአገራችን ቆላማ አካባቢዎች አይርቅም።

ሁለተኛው መንገድ ዘገምተኛው ነው፤ ወረርሽኝ ስለማይመስል ዜና አይሆንም። አፍላቶክሲን ቢ1 ወደ ጉበት ሲገባ ጉበት ሊያስወግደው ይሞክራል። በዚህ ሙከራ መሃል ግን መርዙ ይበልጥ ንቁ ወደ ሆነ ቅርጽ ይለወጥና ከሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይጣበቃል። ቲ.ፒ.53 በተባለው፣ ሕዋስ ከልክ በላይ እንዳይባዛ በሚቆጣጠረው ዘረመል ላይ የሚታወቅ ለውጥ ያስከትላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት፣ ከአንደኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

እዚህ ላይ የጤና ተማሪዎች በተለይ እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የሻንጋይ ጥናት አፍላቶክሲንና የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሲገናኙ የሚሆነውን አሳይቷል። አፍላቶክሲን ብቻውን የጉበት ካንሰርን ዕድል ወደ ሦስት ዕጥፍ ተኩል ገደማ ከፍ አደረገ፤ ቫይረሱ ብቻውን ወደ ሰባት ዕጥፍ። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ዕድሉ ወደ 59 ዕጥፍ ደረሰ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንግዲህ በተዘዋዋሪ መንገድ የአፍላቶክሲን መከላከያም ነው ማለት ነው። አገራችን ይህን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007 በአምስት ጣምራው ክትባት ውስጥ ለሕፃናት መስጠት ጀምራለች። ከዚያ በፊት የተወለድነው ብዙዎቻችን ግን ያለ ክትባት ያደግን ነን።

የልጆች ዕድገት ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በቤኒንና በቶጎ 480 ሕፃናት ተመርምረው በ99 በመቶው ደም ውስጥ የአፍላቶክሲን ምልክት ተገኝቷል፤ ምልክቱ ከፍ ያለባቸው ልጆችም በዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ቁመትና ክብደት ያነሱ ነበሩ። ይህ የግንኙነት ማስረጃ ነው እንጂ ብቻውን የምክንያት ማረጋገጫ አይደለም። የተበከለ በቆሎ የሚበላ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ድሃም፣ ምግቡ አንድ ዓይነት የሆነም፣ በተደጋጋሚ የሚታመምም ነው፤ መቀንጨሩን ለአንዱ ብቻ መስጠት ያስቸግራል። እኛ ምሁራን ይህን ልዩነት በግልጽ መናገር አለብን። ማስረጃው ያልደረሰበት ቦታ ደርሰን የጮኽን እንደሆነ፣ ማስረጃው በደረሰበት ቦታም የሚያምነን አይኖርም።

አንዲት ፍሬ

ወደ ልኬቱ እንለፍ። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ የጭነት መኪና 100 ኩንታል በቆሎ ጭኖ፣ በቆሎው በኪሎ 10 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ቢኖረው፣ በጠቅላላው ጭነት ውስጥ ያለው መርዝ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለሰው ምግብ ለሚውል አብዛኛው እህል የፈቀደው ከዚህም ያንሳል፤ በኪሎ 4 ማይክሮግራም ጠቅላላ አፍላቶክሲን ነው። የምሥራቅ አፍሪካ መለኪያ 10፣ የአሜሪካ 20 ነው።

አስቸጋሪው ግን የመጠኑ ማነስ ብቻ አይደለም፤ መርዙ እኩል አለመበተኑ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት የበቆሎ ፍሬ 0.3 ግራም ትመዝናለች እንበል። በክፉኛ የተመረዘች ፍሬ በውስጧ 30 ማይክሮግራም መርዝ ልትይዝ ትችላለች፤ ከዚህም በላይ የያዙ ፍሬዎች ተገኝተዋል። ይህችን አንዲት ፍሬ ንጹሕ ከሆኑ 4,999 ፍሬዎች ጋር ቀላቅሏት። ጠቅላላ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል፣ የመርዙም መጠን በኪሎ 20 ማይክሮግራም ይሆናል። ከአምስት ሺህ ፍሬዎች አንዷ ብቻ አንድ ኪሎ ተኩሉን በቆሎ ወደ አሜሪካው ወሰን ጫፍ አደረሰችው ማለት ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ትምህርቶችን እንወስዳለን። ከማዳበሪያው አፍ አንድ ጭብጥ አንሥቶ መመርመር ዋጋ የለውም፤ ናሙና ከብዙ ቦታ ተወስዶ፣ በብዛት ተሰብስቦ፣ አብሮ ተፈጭቶ ነው የሚመረመረው። ሁለተኛ፣ አንድ ነጋዴ «ተመርምሮ ንጹሕ ተባለ» ሲል፣ ሌላው ላቦራቶሪ ያንኑ ጭነት «የተበከለ» ቢለው ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ሦስተኛውና ተስፋ የሚሰጠው ደግሞ ይህ ነው፤ መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ የተከማቸ ከሆነ፣ እነዚያን ፍሬዎች ለቅሞ ማውጣት አብዛኛውን መርዝ ማውጣት ነው። የተሰበረ፣ የተቦረቦረ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ከሌላው ይልቅ የመመረዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እናቶቻችን በሰፌድ ላይ የሚያደርጉት ለቀማ እንግዲህ ለጥራት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ካሉን የመከላከያ ዘዴዎች አንዱ ነው። መርዙን በእሳት እናጠፋዋለን ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ መቀቀልም ሆነ እንጀራ መጋገር ጥቂት ቢቀንሰው እንጂ አያጠፋውም።

ከፋጉሎ ወደ ወተት

አሁን ወደ መኖው ልመለስ። ላም በአፍላቶክሲን ቢ1 የተበከለ መኖ ስትበላ የመርዙ የተወሰነ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 6 በመቶ የሚሆነው፣ ኤም1 ወደሚባል ቅርጽ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል። ኤም1 ከቢ1 ደከም ያለ ቢሆንም ጉዳት አልባ አይደለም። ዋነኞቹ የወተት ተጠቃሚዎች ደግሞ ሕፃናት ናቸው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንዲት ላም በቀን 5 ኪሎ ግራም፣ በኪሎ 100 ማይክሮግራም የተበከለ መኖ ብትበላ 500 ማይክሮግራም ትወስዳለች። ከዚህ 2 በመቶው ወደ ወተት ቢያልፍ 10 ማይክሮግራም ይሆናል። በቀን 10 ሊትር ብትታለብ፣ በሊትር 1 ማይክሮግራም ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ የሚፈቅደው 0.5 ነው፤ የአውሮፓው 0.05 ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካለው የወተት አቅርቦት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ ኤም1 አግኝቷል። ከ0.5 ያለፉት 29 ነበሩ፤ ከ0.05 ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑም ተመልክቷል፤ በፋጉሎው የተገኘው የቢ1 መጠን በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም ነበር።

ዜናው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሸማች ከወተት ሸሸ። የሸማቹን ድንጋጤ አልነቅፍም። ነገር ግን ወተት ለሕፃን የሚሰጠውን ፕሮቲንና ካልሲየም በሌላ መተካት ለማይችል ቤተሰብ፣ ወተት ማቋረጥም ራሱ ጉዳት ነው። የወተት ገበሬውም መኖውን በገበያ የገዛ እንጂ መርዝ ቀላቅሎ የሸጠ አልነበረም። መቃናት ያለበት ከላሟ በፊት ነው፤ ኑጉ የሚደርቅበት፣ የሚጨመቅበት፣ ፋጉሎውም የሚከማችበት ቦታ ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ብቻ ተናግሬ መውረድ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ከሁሉ በላይ የምወደው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የጊኒ ጥናት ነው። ተመራማሪዎች 20 መንደሮችን ወሰዱ። በአሥሩ መንደሮች ለውዝ አምራቾችን ጥቂት ቀላል ነገሮች አስተማሩ፤ መጥፎውን ፍሬ በእጅ መልቀም፣ በመሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ላይ ማስጣት፣ በደንብ መድረቁን ማረጋገጥ፣ አየር በሚያስገባ የቃጫ ጆንያ ማስቀመጥ፣ ጆንያውን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ማኖር፣ ተባይን መከላከል። ከአምስት ወር በኋላ በቀሩት አሥር መንደሮች በሰዎች ደም ውስጥ ያለው የአፍላቶክሲን ምልክት ከሦስት ዕጥፍ በላይ ጨመረ፤ በተማሩት መንደሮች ግን ከነበረበት እምብዛም ፈቅ አላለም። ለዚህ ውጤት ውድ መሣሪያ አላስፈለገም።

ከዚህ ተነሥተን የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ እንችላለን። ሰብልን በወቅቱ ማንሣትና ዝናብ እንዳያገኘው መጠበቅ ይቀድማል። ቀጥሎ ማድረቅ ነው፤ በቆሎ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ፣ የተፈለፈለ ለውዝ ወደ 7 በመቶ መውረድ አለበት። ከዚያ ለቀማ፤ ከዚያ አከመቻቸት። ዛሬ በየገበያው የሚገኘው አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዝን ያለ ኬሚካል ያፍናል፤ ሻጋታውም እንዳይስፋፋ ያግዛል። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉን አትርሱ። ያልደረቀ እህል በዚህ ከረጢት ከታሸገ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ እህሉም ይበላሻል። ከረጢቱ የማድረቅ ምትክ አይደለም።

በእርሻው ላይም አዲስ መንገድ ተከፍቷል። የአስፐርጊለስ ፍላቨስ ዝርያዎች ሁሉ መርዝ አያመነጩም። መርዝ የማያመነጩትን መርጦ፣ እንዳይበቅል በተደረገ የማሽላ ፍሬ ላይ አሳድሮ፣ ሰብሉ ከማበቡ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድሞ በሄክታር 10 ኪሎ ግራም በመበተን መርዛማዎቹን ቦታ ማሳጣት ይቻላል። አፍላሴፍ የተባለው ይህ ዘዴ በዓለም አቀፉ የሐሩር አካባቢ ግብርና ተቋምና በአጋሮቹ ተዘጋጅቶ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። በየአገሩ ከአገሩ አፈር የተገኙ ዝርያዎችን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በዚህ አዳራሽ ላሉ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የተዘረጋ የሥራ መስክ ነው።

የአመጋገብን ነገርም አልዘልም። በቻይና ቺዶንግ በተባለ አካባቢ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ ዋና ምግቡን ከበቆሎ ወደ ሩዝ ሲለውጥ ለአፍላቶክሲን መጋለጡ በእጅጉ ቀነሰ፤ በኋላ የታየው የጉበት ካንሰር መቀነስም በከፊል ለዚህ ይሰጣል። ቀን ከቀን አንድ ዓይነት እህል ብቻ የሚበላ ቤተሰብ የዚያን እህል መርዝ ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ማዕዱ ሲለያይ ሸክሙም ይከፋፈላል።

ተለቅሞ የወጣውስ?

አሁን በመግቢያዬ ወዳነሣሁት ጥያቄ ደርሻለሁ። ማድረቅን አስተማርን፤ ለቀማን አስተማርን፤ ወሰን አወጣን። ከሰፌዱ የወጣው፣ ከወሰኑ ያለፈው እህልስ?

ከተማሪዎቼ ጋር ለመስክ ሥራ በወጣሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ በየገበያውና በየቤቱ አቅርቤያለሁ። መልሱ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለይም። ከሁሉ የጠራው ወደ ሩቅ ገበያ ይሄዳል። መካከለኛው ለከተማ ሸማች ይሸጣል። የተሰባበረው በርካሽ ለድሃ ይሸጣል ወይም ከቤት ይቀራል። የሻገተው ለጠላና ለአረቄ ይውላል፤ አተላው ለላሚቱ ይቀርባል፤ አለዚያም ራሱ እህሉ ለዶሮና ለከብት ይሰጣል። ገበሬው አባካኝ አይደለም፤ የሚጥለው ነገር የለውም። ከላሟ ወደ ወተት፣ ከወተት ወደ ሕፃን የሚወስደውን መንገድ ግን ከአሁን በፊት በሒሳብ አይተነዋል።

እንግዲህ አንድ ቦታ የተደረገ ለቀማ ብቻውን መርዙን አያጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ሲያሻግረውም ሁልጊዜ አቅጣጫው አንድ ነው፤ መምረጥ ከሚችለው ወደማይችለው። ለውጭ ገበያ የምናወጣውን ወሰን ባጠበቅን ቁጥር፣ የሚመለሰው እህል ወዴት እንደሚሄድ ካልወሰንን፣ የራሳችንን ድሃ ማዕድ እያከፋን ሊሆን ይችላል። ይህን ስል ወሰኑ ይላላ ማለቴ አይደለም። ወሰን ያወጣ አካል የውዳቂውንም መንገድ ያውጣ ማለቴ ነው።

መንገዶቹ አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለምሳሌ በቆሎን እንደ ተጠቃሚው እንስሳ ይለያል፤ ለወተት ላም ከ20 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም፤ ለእርድ ሊደርስ ለተቃረበ የሥጋ ከብት ግን እስከ 300 ይፈቅዳል። እህሉ አልተጣለም፤ ወደ ሰው እንዳይመለስ ግን መንገዱ ተለይቷል። በኬንያው ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ የተበከለውን በቆሎ በንጹሕ እህል መተካት አስፈልጎ ነበር። ምትክ የሌለው ቤተሰብ «አትብላ» ቢባል የሚሰማው «ተራብ» የሚለውን ነው። ምክራችን ከዚህ እውነት ጋር ካልታረቀ የሚያነብበው አይኖርም።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ የጥናት ሐሳብ ስታቀርቡ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። «በመቶ ስንት ተበክሏል?» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፤ የዚህ ዓይነት ጥናት በቂ ባይሆንም በብዛት አለ። «መርምረን መጥፎ ነው ያልነው እህል ከዚያ በኋላ የት ደረሰ? ባለቤቱ ምን አገኘ? ውጤቱንስ ማን ነገረው?» ብላችሁ ጨምሩበት። ናሙናውን የሰጠችን እናት ውጤቱን በመጽሔት አታነብም። ለእርሷ በሚገባት ቋንቋ፣ ልታደርገው ከምትችለው ነገር ጋር አያይዘን ማድረስ የጥናቱ የመጨረሻ ምዕራፍ እንጂ በፈቃደኝነት የሚደረግ በጎ አድራጎት አይደለም።



ከታዳሚዎች ከተነሡት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እንጀራ ሲሻግት የሻገተውን ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መብላት ይቻላል ወይ?

መልስ፦ አልመክርም። በእንጀራ ላይ የሚበቅሉት ሻጋታዎች የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም መርዝ አያመነጩም። ነገር ግን በዓይን የምናየው ከላይ ያለውን ክፍል ነው፤ ሥሩ እንደዚያ ባለ ለስላሳ ምግብ ውስጥ ከሚታየው አልፎ ይሄዳል። የሚሻለው እንዳይሻግት መቅደም ነው። ጥቂት ጥቂት መጋገር፣ ሳይሻግት ድርቆሽ ማድረግ። ከሻገተ በኋላ በፀሐይ ማድረቅ ግን ሻጋታውን ያቆመው ይሆናል እንጂ የወጣ መርዝ ካለ አያነሣውም።

ጥያቄ፦ ገበሬው የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለውም። 13 በመቶ መድረሱን በምን ያውቃል?

መልስ፦ ጥርስ ላይ የመስበርን ልማድ አልንቅም፤ ግን አያስተማምንም። በዝቅተኛ ወጪ የሚደረግ አንድ ዘዴ አለ። በደንብ የደረቀ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅና ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ ለጥቂት ደቂቃ መነቅነቅ፣ ከዚያም ለሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ተመልሶ ይሰጣ። ካልተጣበቀ ለጎተራ ወደሚመች ድርቀት ተቃርቧል ማለት ይቻላል። የግብርና ባለሙያዎቻችን ይህን ዘዴ በየቀበሌው ቢያሳዩ፣ ከዛሬው ገለጻዬ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።